ይቺ ትንሽ እንስሳ ለየትኛው አዳኝ ነው የምትጋለጠው? ራሳችሁ የምታውቁበት መንገድ

ስለ አይጥ ስለ ጥንቸል ስለ ሽኮኮ ምናምን ሲነሳ ሁሌ የምሰማው "ትንንሽ ስለሆኑ ሁሉም ይበላቸዋል" የሚል ነገር ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ምንም አያሳውቅም። አንዷን ከጉጉት ያዳናት ነገር እሱው ራሱ ለእባብ አሳልፎ ይሰጣታል፣ ድመትን የሚያስጠላ ሽታ ጉጉት ፊት ዋጋ የለውም፣ እናትየውን ብዙም የማያሰጋት እባብ ልጇን በአንድ ንክሻ ይጨርሳታል። ስለዚህ "ደካማ ናት ወይ" ብላችሁ ከጀመራችሁ የትም አትደርሱም። ለማን? የት? መቼ? ብላችሁ ጀምሩ። የዱር እንስሳ መከታተል ለሚወድም፣ ለባዮሎጂ ተማሪም፣ ቤቱ ጥንቸል ወይ ጊኒ ፒግ ላለው ሰውም አካሄዱ ያው ስለሆነ እኔ የምሄድበትን መንገድ ልንገራችሁ።

በምንድነው የምትገኘው?

አዳኝ ከመያዙ በፊት ማግኘት አለበት። እና እንስሳዋን ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ከሷ የሚወጣው ነገር ምንድነው የሚለውን ነው፣ ድምፅ ነው፣ ሽታ ነው፣ ሙቀት ነው ወይስ ቀለሟና እንቅስቃሴዋ? ጎልቶ የሚወጣው የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ አዳኙም በግማሽ ታወቀ ማለት ነው።

ድምፅ ከሆነ ጉጉትን ጠርጥሩ። ባርን አውል የምትባለው ፊቷ ነጭ የሆነችው ጉጉት ሁለት ጆሮዎቿ እኩል አይደሉም፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ በዚህ ምክንያት ድምፁ ከግራ ይሁን ከቀኝ ብቻ ሳይሆን ከላይ ይሁን ከታችም ትለያለች። ሮጀር ፔይን (በኋላ በዓሣ ነባሪ ዜማ ጥናት ስሙ የገነነው ሰውዬ ነው) ድቅድቅ ያለ ጨለማ ክፍል ውስጥ ደረቅ ቅጠል አነጠፈና አይጥ ለቀቀ፣ ጉጉቷ ምንም ሳታይ ሄዳ ያዘቻት። ከዛ የተጨመደደ ወረቀት ቅጠሉ ላይ ሲጎትት ወረቀቱንም መታችው፣ ሙቀት የለው፣ የአይጥ ሽታ የለው፣ ያለው የቅጠል መንኮሻኮሽ ብቻ ነው። ከዚህ የምትወስዱት ነገር ቀላል ነው፣ እንስሳዋ የምትሄድበትን መሬት እዩ። ደረቅ ቅጠል ላይ የምትመላለስ አይጥና እርጥብ አፈር ላይ የምትመላለስ አይጥ ዝርያቸው አንድ ቢሆንም ሪስካቸው አንድ አይደለም።

ሙቀት ከሆነ ደግሞ ዓይኑና አፍንጫው መሀል ኢንፍራሬድ (ትኩስ ነገር የሚያወጣው ጨረር) የሚያነብ ጎድጓዳ ያለው የእባብ ዓይነት አለ፣ ጭራውን የሚያንኳኳው መርዛሙ ራትልስኔክ ከነሱ አንዱ ነው። እዚህ ላይ የካሊፎርኒያዋ የመሬት ሽኮኮ (ግራውንድ ስኩዊረል) የምታደርገውን ነገር ካላወራሁ አይሆንም። ራትልስኔክ ስታይ ጭራዋን ታወዛውዛለች፣ እያወዛወዘች ጭራዋ ላይ ደም ልካ ታሞቀዋለች፣ እባቡ በሙቀት ስለሚያይ ትልቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ይታየውና ወደ ማጥቃት ሳይሆን ወደ መጠንቀቅ ይሄዳል። ጎፈር ስኔክ የሚባለው ሙቀት የማያነበው እባብ ሲመጣ ግን ጭራዋን ታወዛውዛለች እንጂ አታሞቅም! ማለት ጠላቷ በምን እንደሚያያት ትለያለች፣ እኛም ማድረግ ያለብን ይሄንኑ ነው። ይቺው ሽኮኮ አዋቂ ስትሆን ደሟ የራትልስኔክን መርዝ ይቋቋማል፣ ግልገሎቿ ግን ገና ስለሆኑ አይችሉም፣ ለዛ ነው እባቡ እናትየውን ትቶ ግልገል ያለበት ጉድጓድ አካባቢ የሚያደባው።

ሽታ ሰፊ ነው፣ ቀበሮም ድመትም ዊዝልም (ቀጭንና ረጅም የሆነች ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ናት) እባብም ይጠቀሙበታል። ግን ሽታ መከላከያም ይሆናል። ሽሪው የምትባለዋ አፍንጫዋ ሹል የሆነች፣ አይጥ የምትመስል ግን አይጥ ያልሆነች ፍጥረት ሰውነቷ ላይ መጥፎ ሽታ የሚያወጣ እጢ አላት፣ ድመት ትገድላትና ብዙ ጊዜ ሳትበላት ጥላት ትሄዳለች። ጉጉት ግን የማሽተት ችሎታዋ ደካማ ስለሆነ ሽሪውን እንዳለች ትውጣታለች፣ ጉጉት የምትተፋው የፀጉርና የአጥንት ድብልቅ ውስጥ የሽሪው ራስ ቅል በብዛት የሚገኘውም ለዚህ ነው። የዱር ጥንቸል ልጆች ደግሞ ሌላ ዘዴ አላቸው፣ እናትየው በቀን አንዴ ያህል ለጥቂት ደቂቃ መጥታ አጥብታ ትሄዳለች፣ በቃ፣ ቀኑን ሙሉ አብራቸው ብትውል የሷ ሽታና መመላለስ ቦታውን ያጋልጥባቸው ነበር። ሜዳ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ግልገል ስታዩ "እናቷ ጥላት ነው" ብላችሁ አንስታችሁ አትውሰዷት፣ አብዛኛውን ጊዜ አልተጣለችም።

ቀለም ላይ ብዙ አልቆይም ምክንያቱም ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሊ ዳይስ በ1947 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባወጣው ሙከራ ጉጉቶች ከመሬቱ ቀለም ጋር የማይመሳሰሉትን አይጦች በብዛት እንደሚይዙ አሳይቷል፣ ያውም በደብዛዛ ብርሃን። ስኖውሹ ሄር የምትባለዋ ጥንቸል የበረዶው ወቅት ሲመጣ ነጭ ትሆናለች፣ ችግሩ ቀለሟን የምትቀይረው በረዶውን አይታ ሳይሆን በቀኑ ርዝመት ነው፣ በረዶው ከዘገየ ቡናማ መሬት ላይ ነጭ ሆና ቁጭ ትላለች፣ በዛ ሳምንት የመትረፍ እድሏ ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ "ጭልፊት የአይጥ ሽንት በአልትራቫዮሌት (በሰው ዓይን በማይታየው ብርሃን) ያያል" የሚለው ታሪክ በየቦታው ይወራል። በ1995 ፊንላንድ ውስጥ ተሰርቶ የወጣ ጥናት ነው ያስነሳው፣ በኋላ ግን የወፎቹን ዓይንና የሽንቱን ነፀብራቅ የለኩ ሌሎች ተመራማሪዎች ልዩነቱ ለማየት የሚበቃ አይመስልም ብለዋል። አሪፍ ታሪክ ነው፣ እንደ ተረጋገጠ ነገር ይዛችሁ ግን አትሩጡ።

የት ድረስ ይከተላታል?

ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ መድረስ ሌላ። እዚህ ላይ መለኪያው የጉድጓዷ ስፋት ነው። ቀበሮ የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ ከመቆፈር ውጪ ምንም ማድረግ አትችልም፣ ዊዝል ግን ሰውነቷ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ራሷ ከገባ ሌላው ሰውነቷም ይገባል፣ አይጧ እተማመንበታለሁ ያለችው ቤት ወጥመድ ይሆንባታል። እባብም እንደዛው። ስለዚህ ጉድጓድ ከጭልፊትና ከቀበሮ ያድናል፣ ከዊዝልና ከእባብ አያድንም፣ በተለይ መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ። በረዶ ባለበት አገርም ነገሩ ይሄው ነው፣ ከበረዶው ስር መተላለፊያ ሰርታ የምትኖረውን አይጥ ጭልፊት አያያትም፣ ቀበሮ ግን ከላይ ሆና በጆሮዋ ሰምታ ዘልላ በአፍንጫዋ ትገባለች፣ ዊዝል ደግሞ እዛው ውስጥ ታሳድዳታለች።

ሙሉ ሕይወታቸውን መሬት ስር የሚያሳልፉት እንኳ አንድ ክፍት ሰዓት አላቸው። ፀጉር የሌላት ፍልፈል አፈር ወደ ውጭ ስትረጭ ቀዳዳው ክፍት ይሆናል፣ እባብ ትኩስ አፈሩን ተከትሎ የሚመጣው ያኔ ነው። እና ስለማንኛውም የጉድጓድ እንስሳ ስታስቡ በሯ የሚከፈተው መቼ ነው በሉ።

መጠንም እዚሁ ጋ ይገባል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ1788 ወዲህ ከ20 በላይ አጥቢ እንስሳት ጠፍተዋል፣ በ1989 ቡርቢጅና ማኬንዚ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ክፉኛ የተጎዱት ክብደታቸው ከ35 ግራም እስከ 5.5 ኪሎ የሆኑት ናቸው። ከውጭ የገቡት ድመትና ቀበሮ ለመያዝ የሚመቻቸው መጠን ነው፣ ከዛ በታች ያሉት ስንጥቅ ውስጥ ይገባሉ ቶሎም ይራባሉ፣ ከዛ በላይ ያሉት አይቀመሱም። በዛ ላይ እነዚህ እንስሳት ከድመትና ከቀበሮ ጋር አብረው ኖረው ስለማያውቁ ሲያዩዋቸው እንዴት መሸሽ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። እዛው አገር ሰሜኑ ክፍል ላይ ድመቶች አዲስ የተቃጠለ ሣር ያለበት ቦታ ድረስ ሆን ብለው ሄደው እንደሚያድኑ ታይቷል፣ መደበቂያው ስለተቃጠለ። ሣር ማጨድም በከብት ማስጋጥም በትንሹ ያው ውጤት አለው።

ልትያዝ ስትል ምን ታደርጋለች?

ማምለጫዋ ለየትኛው አዳኝ እንደተሰራ እዩ። የላብራቶሪ አይጥ ከላይዋ ትንሽ ጥቁር ክብ በስክሪን ሲያልፍባት ባለችበት ደርቃ ትቀራለች፣ ክቡ እየሰፋ ወደሷ የሚወርድ ከመሰላት ግን በርራ ቤቷ ትገባለች። የመጀመሪያው ገና የሚያስስ ወፍ ነው፣ ሁለተኛው አይቷት የሚወርድ። ደርቆ መቅረት በዓይን ለሚፈልግ ወፍ ይሰራል፣ በሽታ ለሚመጣ ዊዝል ግን ራስን አዘጋጅቶ መስጠት ነው።

በረሃ ላይ የምትኖረው ካንጋሩ ራት የምትባለው ዘላይ አይጥ መካከለኛ ጆሮዋ ከሰውነቷ ጋር ሲነፃፀር በጣም ትልቅ ነው፣ የጉጉት ክንፍንና የእባብ መወርወርን ዝቅተኛ ድምፅ ትሰማና በመጨረሻዋ ቅፅበት ትዘላለች። ዳግላስ ዌብስተር በ1962 ባወጣው ስራ ይሄ የጆሮ ክፍተት ሲቀነስባቸው በቀላሉ ተይዘዋል። ሄጅሆግ የምትባለዋ ትንሿ እሾኻም ደግሞ 5,000 ገደማ እሾህ ይዛ ትጠቀለላለች፣ ቀበሮ ብዙውን ጊዜ ትቷት ይሄዳል፣ ባጀር የሚባለው ቆፋሪ እንስሳ ግን በረጅም ጥፍሩና በጉልበቱ ፈልቅቆ ይከፍታታል፣ ትልልቅ ጉጉቶችም ይችላሉ። እሾኻሟ አይጥ አኮሚስ ቆዳዋ በቀላሉ ተቦጭቆ አዳኙ አፍ ውስጥ ይቀራል፣ እሷ ታመልጣለች፣ ቆዳዋም ከነፀጉሩ ተመልሶ ያድጋል። ይሄ ግን የሚሰራው አዳኙ ነክሶ ከያዛት ነው፣ መርዝ ወግቶ ለሚጠብቃት እባብ ምንም አይፈይድም።

ያቺው እንስሳ ሌላ ቀን

ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ይሄ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። ዝርያውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ የቷ ናት? በምን ሰዓት? ሊ ሜትዝጋር በ1967 ቦታውን የለመዱ አይጦችንና አዲስ የመጡ አይጦችን ከጉጉት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ሲለቅ ጉጉቷ የያዘቻቸው በብዛት አዲሶቹን ነው። መደበቂያው የት እንዳለ የማታውቅ አይጥ ፈጣን ብትሆንም ወዴት እንደምትሮጥ አታውቅም። ከእናታቸው ተለይተው አዲስ ቦታ ፍለጋ የሚወጡ ወጣቶች፣ በመራቢያ ወቅት ሴት ፍለጋ ሩቅ የሚሄዱ ወንዶች፣ ሰው ይዟቸው ወስዶ ሌላ ቦታ የለቀቃቸውም ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ (አይጥ በወጥመድ ይዞ ሩቅ ቦታ መልቀቅ ደግነት የሚመስላችሁ ይሄንን አስቡት)።

ረሃብም አለ። ሽሪው ሰውነቷ ምግብ ቶሎ ስለሚያቃጥል በየጥቂት ሰዓቱ ካልበላች ትሞታለች፣ ስለዚህ አደጋ ቢኖርም ባይኖርም ቀንም ሌሊትም መውጣቷ ግድ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን አብዛኞቹ የሌሊት አይጦች መውጣት ይቀንሳሉ ወይ ቁጥቋጦ ስር ይቆያሉ፣ የራባት ግን ትወጣለች። የሌሊት ወፎች ደግሞ ማታ ሁሉም በአንዴ ከዋሻ ሲወጡ በዛች አጭር ሰዓት ባት ሆክ የሚባለው ጭልፊት እየበረረ ይውጣቸዋል። በሽታም ይጨመርበት፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ የያዛቸው አይጦች ለድመት ሽታ ያላቸው ፍርሃት እንደሚቀንስ በ2000 የወጣ ጥናት አሳይቷል፣ ተውሳኩ ደግሞ በፆታ የሚራባው ድመት አንጀት ውስጥ ነው እንግዲህ።

በትሪ መለካት

ወሬ ብቻ እንዳይሆን አሁን ራሳችሁ የምትሞክሩት። ጆኤል ብራውን በ1988 ያስፋፋው ዘዴ ነው፣ ሲምፕል ነው ግን ብዙ ይናገራል። ዝርግ ትሪ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ትሞላላችሁ፣ የተመዘነ የእህል ዘር ትቀላቅላላችሁ፣ አንዱን ቁጥቋጦ ስር አንዱን ከሱ ጥቂት ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ገላጣ ቦታ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ማታ አይጧ መጥታ ትቆፍራለች፣ ዘሩ እያነሰ ሲሄድ መፈለጉ እየከበዳት ይመጣል፣ የሆነ ሰዓት ላይ "ይሄ ካለው አደጋ አንፃር አያዋጣም" ብላ ትታ ትሄዳለች። ጠዋት አሸዋውን ነፍታችሁ የቀረውን ትመዝናላችሁ። ብዙ ዘር የቀረበት ትሪ ብዙ የፈራችበት ቦታ ነው።

ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ሁለቱም ትሪ ላይ አሸዋውም ዘሩም እኩል ይሁን፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አትቁጠሩ ምክንያቱም እስኪለምዱት ነው፣ ብዙ ጥንድ ትሪ ይኑራችሁ እንጂ በአንድ ጥንድ አትደምድሙ፣ ጉንዳንና ወፍ ዘሩን እንዳይወስዱባችሁ ማታ አውጥታችሁ ጠዋት በማለዳ አንሱ፣ አሸዋው ላይ የቀረውን የእግር አሻራ ፎቶ አንሱት የበላው ማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ስትነፉ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ የአይጥ ሽንትና ፋንድያ አቧራ በሽታ ያስተላልፋል።

ገላጣው ላይ ብዙ ከቀረ ከላይ የሚመጣ ነገር ነው የሚያስፈራት፣ ጉጉት ወይ ጭልፊት። ቁጥቋጦ ስር ብዙ ከቀረ ግን እዛ ስር ያደባ ነገር አለ ማለት ነው፣ እባብ ወይ ድመት። በርት ኮትለርና ባልደረቦቹ ንጌቭ በረሃ ላይ ጀርቢል የሚባሉትን አይጦች ይዘው የሰሩት ይሄንኑ ነው፣ ጉጉት ስትኖር ጀርቢሎቹ ወደ ቁጥቋጦ ይሸሻሉ፣ ቁጥቋጦው ስር ደግሞ እፉኝት ተኝቷል፣ ስለዚህ ጉጉቷ ሳታውቀው ለእባቡ ምግብ ትነዳለታለች እባቡም ሲኖር ወደ ገላጣው እየገፋ ለጉጉቷ ይሰጣል። ሁለት አዳኝ ያለበት ቦታ ላይ አደጋው ዝም ብሎ ሁለቱን መደመር አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ሙከራውን ጨረቃ ባለበትና በሌለበት ሌሊት፣ ሣሩ ከመታጨዱ በፊትና በኋላ ብትደግሙት ደግሞ የበለጠ ይገባችኋል።

የተረፈውን ማንበብ

ገዳዩን ለማወቅ የተረፈውን እዩ። ጉጉት ትንንሾቹን እንዳሉ ስለምትውጥ የምትተፋው ድብልቅ ውስጥ አጥንትና ራስ ቅል ሳይሰበር ይገኛል፣ ጭልፊት ቆራርጦ ስለሚበላና ጨጓራው አጥንት ስለሚያሟሟ እሱ የሚተፋው ውስጥ የሚገኘው በብዛት ፀጉር ነው። ማጅራቷ ላይ፣ ራስ ቅሏ ስር፣ የተጠጋጋ የጥርስ ቀዳዳ ካያችሁ ዊዝልን ጠርጥሩ፣ ከሚበላው በላይ ገድሎ የማስቀመጥ ልማድም አለው። መንገድ ላይ ሳትበላ የተጣለች ሽሪው የድመት ወይ የቀበሮ ስራ ልትሆን ትችላለች። ፀጉርና የተሰባበረ አጥንት ያለበት ጫፉ የሾለ ጥምዝ ኩስ የቀበሮ ነው። ምንም ነገር ካልተረፈ፣ ደምም ፀጉርም ከሌለ፣ ያኔ እባብ ሊሆን ይችላል።

ቤት ለምታረቡ

ጥንቸልና ጊኒ ፒግ ያላችሁ ያንኑ ጥያቄ ወደ ቤታቸው አዙሩት። ወንፊት ሽቦው ቀዳዳው ከ1.3 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ የዶሮ ሽቦ የሚባለው ሰፊና ስስ ስለሆነ ዊዝልና አይጥ ያልፉበታል ውሻ ደግሞ ይቀደዋል። ከላይ ክፍት አይሁን። ከታች ቆፋሪ እንዳይገባ ሽቦውን አፈር ውስጥ ቀብራችሁ ወደ ውጭ አጥፉት። ስትወልድ የእንግዴ ልጅና ደም ያለበትን ጭድ ቶሎ አውጡ፣ አዲስ የተወለዱትን አይጥም እባብም ይወስዷቸዋል። ውስጡ የምታስቀምጡላቸው መደበቂያ ሳጥን ሁለት መውጫ ይኑረው፣ አንድ ከሆነ የገባው ነገር በሩን ይዘጋባቸዋል። እና ሽቦው ጠንካራ ነው ብላችሁ ውሻ ወይ ድመት ዙሪያውን እንዲዞር አትፍቀዱ፣ ጥንቸል ሳትነካም በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች፣ ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ጎን ሙሉ በሙሉ በጣውላ ይሸፈን፣ የሚዞረውን ነገር የማታይበት ጥግ ይኑራት።